ጥቁሩ አሸዋ ውስጥ ያለው ኤሌክትሪክ
(በቁሳቁስ ሳይንስ ተማሪዎችና መምህራን ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

እንደምን ዋላችሁ! የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ ከሥራ ሰዓታችሁ ቀንሳችሁ የመጣችሁ እንግዶች፣ ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከኋላ ወንበር ጠፍቶ የቆማችሁ ልጆች ደግሞ እዚህ ፊት ለፊት መሬቱ ንጹህ ነው፣ ኑና ተቀመጡ። ቅርብ ብትሆኑ ደስ ይለኛል፣ የማሳያችሁም ነገር አለ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አሸዋ ነው። አሸዋን ወደ ሴራሚክ ስለመለወጥ፣ ሴራሚኩ ደግሞ ከሙቀት ኤሌክትሪክ እንዲያወጣ ስለማድረግ። ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ፣ ሙቀት እንዴት ኤሌክትሪክ ይሆናል? ሁለተኛ፣ አሸዋው ውስጥ ምን አለ? ሦስተኛ፣ እንዴት ይሠራል፣ ምንስ ያስቸግራል? መሃል መሃል ላይ ጨዋታ ካስገባሁ ታገሡኝ፣ አውቄ ነው።

በጥያቄ ልጀምር። ቤታችሁ እንጀራ በእንጨት የሚጋገር ስንቶቻችሁ ናችሁ? እስቲ እጅ አውጡ። ብዙ ናችሁ። ከእንጨቱ ከወጣው ሙቀት ስንቱ ምጣዱ ጋ ደረሰ ትላላችሁ? ክፍት ሦስት ጉልቻ ላይ ከአሥር ስምንት ዘጠኝ እጁ ግድግዳውንና አየሩን አሙቆ ይሄዳል። የመኪናውን ማርሚታ አስቡት። የሲሚንቶ ፋብሪካውን ጭስ ማውጫ አስቡት። ቀን ከሌት ሲያጓራ የሚውለውን የሰፈር ጀነሬተር አስቡት። ይህ ሁሉ ሙቀት የተከፈለበት ነው። እንጨቱ ተገዝቷል፣ ናፍጣው ተገዝቷል። ሙቀቱን ግን ዝም ብለን እንለቀዋለን።

እንግዲህ ወደ አንደኛው ነጥብ።

እ.ኤ.አ. በ1821 ቶማስ ዮሐን ዜቤክ የሚባል ሰው በርሊን ውስጥ ሁለት የተለያዩ ብረቶችን ጫፍና ጫፋቸውን ገጥሞ ቀለበት ሠራ። አንዱን መጋጠሚያ አሞቀው። አጠገቡ የነበረው የኮምፓስ መርፌ ተንቀሳቀሰ። ዜቤክ ራሱ ሙቀቱ ማግኔት የፈጠረ መስሎት ነበር። የተፈጠረው ግን የኤሌክትሪክ ፍሰት ነው፣ መርፌውን ያዞረውም እሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአንድን ቁስ አንዱን ጫፍ ስታሞቁ እዚያ ያሉት ኤሌክትሮኖች ጉልበት ያገኛሉ። ወደ ቀዝቃዛው ጫፍ ይሄዳሉ። በሁለቱ ጫፎች መካከል ቮልቴጅ ይፈጠራል። ሞተር የለም። የሚሽከረከር ነገር የለም። ዘይት አይፈልግም፣ ድምፅ የለውም። ከ1977 ጀምሮ ጠፈር ላይ ያሉት ሁለቱ ቮዬጀር መንኮራኩሮች ዛሬም ድረስ መልእክት የሚልኩት በዚህ ዘዴ በሚመነጭ ኤሌክትሪክ ነው። እዚያ ሄዶ የሚጠግን ሰው የለም፤ የሚያረጅ ጥርስ ወይም ኩሽኔታም የላቸውም። በሶቪየት ኅብረትም የፊዚክስ ሊቁ የአብራም ዮፌ ተመራማሪዎች ዘዴውን ካዳበሩት በኋላ፣ መብራት ባልገባበት ገጠር የኩራዝ ሙቀት ሬዲዮ ያናግር ነበር። አዎ፣ የኩራዝ! ኩራዙ እያበራ፣ በላዩ ላይ የተቀመጠው መሣሪያ ሙቀቱን ተቀብሎ ሬዲዮውን ያሠራዋል።

ታዲያ ለምን ሁላችንም ቤት የለም?

ሂሳቡን አብረን እንሥራ። ጥሩ የሚባል ቴርሞኤሌክትሪክ ሴራሚክ፣ ማለትም ከሙቀት ኤሌክትሪክ የሚያወጣ ሴራሚክ፣ በአንድ ዲግሪ ልዩነት ወደ 200 ማይክሮቮልት ይሰጣል እንበል። በሞቃቱና በቀዝቃዛው ጫፍ መካከል የ500 ዲግሪ ልዩነት ቢኖር 100 ሺህ ማይክሮቮልት ይሆናል። ማለትም 0.1 ቮልት። ሞባይል ቻርጅ ለማድረግ 5 ቮልት ትፈልጋላችሁ። ጭነት ሲኖርበት ቮልቴጁ ወደ ግማሽ ስለሚወርድ 100 ያህል እግር በተከታታይ መግጠም አለባችሁ። መቶ ቁራጭ ሴራሚክ ማለት ነው። ይቻላል፣ ብርቅ አይደለም። ግን እያንዳንዱ ቁራጭ ርካሽ መሆን አለበት። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ርካሽ መሆን አለበት።

ቁሱ ሦስት ነገር ማሟላት አለበት። በአንድ ዲግሪ ብዙ ቮልት ይስጥ። ኤሌክትሪክ ያስተላልፍ። ሙቀት ግን አያስተላልፍ፤ ሙቀቱ ቶሎ ካለፈ ሁለቱም ጫፍ እኩል ይሞቅና ጨዋታው ያልቃል። የሚቸግረው እዚህ ላይ ነው። መዳብ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ሙቀትንም ያስተላልፋል። ሸክላ ሙቀት ይከለክላል፣ ኤሌክትሪክንም ይከለክላል። እኛ የምንፈልገው ኤሌክትሮኑን አሳልፎ ሙቀቱን የሚያስቀር ወንፊት ነው።

ገበያ ላይ ያለው ምርጡ ቁስ ቢስሙዝ ቴሉራይድ ይባላል። በክፍል ሙቀት አካባቢ የሚወዳደረው የለም ማለት ይቻላል። ግን ቴሉሪየም በምድር ቅርፊት ውስጥ እንደ ፕላቲነም ብርቅ ነው፣ በአብዛኛው የሚገኘውም ከመዳብ ማጣሪያ ተረፈ ምርት ነው። በዚያ ላይ ከ250 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ብቃቱ ይወርዳል። እሳት አጠገብ አይሆንም።

ኦክሳይዶች፣ ማለትም ከኦክሲጅን ጋር የተዋሃዱ ቁሶች፣ ግን እሳት ይችላሉ። ለረጅም ጊዜ ኦክሳይድ ለዚህ ሥራ አይረባም ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 ጃፓናዊው ኢቺሮ ቴራሳኪና ባልደረቦቹ ከሶዲየምና ከኮባልት በተሠራ ኦክሳይድ ላይ ከፍተኛ ውጤት ሲያገኙ ብዙ ሰው ፊቱን ወደ ኦክሳይድ አዞረ። ከነሱ ውስጥ ለኛ ጉዳይ የሚጠቅመው የቲታኒየም ኦክሳይድ ቤተሰብ ነው። ቲታኒየም ደግሞ ብርቅ አይደለም። በምድር ቅርፊት ውስጥ በብዛት ዘጠነኛው ንጥረ ነገር ነው።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ከመሄዴ በፊት አንድ ታሪክ ልንገራችሁ።

እዚሁ አገር ሳስተምር አንዲት ጎበዝ ተማሪ ነበረችኝ። የመመረቂያ ሥራዋ ቴርሞኤሌክትሪክ ሴራሚክ ነበር። ንጽህናው 99.9 በመቶ የሆነ ቲታኒየም ኦክሳይድና ጥቂት ግራም ኒዮቢየም ኦክሳይድ አዘዝን። የውጭ ምንዛሪ ወረፋ ተያዘ። ወረፋው ሲደርስ ዋጋው ጨምሯል ተባለ። ዕቃው ሲመጣ ደግሞ ነጭ ዱቄት ነው ተብሎ ለምርመራ ቆመ። ልጅቱ በየሳምንቱ እየመጣች «መምህር፣ ዛሬስ?» ትለኛለች። እኔ ምን ልበላት? በመጨረሻ ርዕስ ቀይራ በሌላ ሥራ ተመረቀች። ጥሩ ሥራ ነው የሠራችው። ግን ያ ሐሳብ መሳቢያ ውስጥ ቀረ። አሁን እዚህ ከተቀመጣችሁት ስንቶቻችሁ ይህ ደርሶባችኋል? አያችሁ? እኔ እጅ አውጡ ሳልል አወጣችሁ።

አሸዋን በቁም ነገር ማየት የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ልጅ እያለን ከተበላሸ ሬዲዮ ስፒከር ውስጥ ማግኔት እናወጣ ነበር። በክር አስረን አፈር ላይ እንጎትተዋለን። ጥቁር ጥቁር ብናኝ እንደ ጢም ተጣብቆበት ይነሳል። ወረቀት ላይ አድርገን ከሥር በማግኔቱ እናስጨፍረዋለን። እናንተም አድርጋችሁታል፣ ፈገግታችሁ ይናገራል። ያ ጥቁር ብናኝ በአብዛኛው ማግኔታይት ነው፣ የብረት ኦክሳይድ። አንዳንድ ቦታ ግን ቲታኒየምም አለበት።

ቲታኒየም ራሱ የተገኘው በዚሁ ጨዋታ ነው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1791 በእንግሊዝ አገር ኮርንዎል ውስጥ ዊልያም ግሬጎር የሚባል ቄስ ከአንድ ወንዝ ዳር ጥቁር አሸዋ ሰበሰበ። ማግኔት ይስበዋል። በአሲድ ሲፈትነው ብረት አገኘ፤ ብረት ያልሆነ ሌላም ነገር አገኘ። ማንም የማያውቀው ብረታ ብረት ኦክሳይድ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጀርመናዊው ኬሚስት ክላፕሮት ያንኑ ነገር ሩታይል ከሚባል ሌላ ማዕድን አግኝቶ ቲታኒየም ብሎ ስም አወጣለት። አሁን ግሬጎር ያገኘውን ማዕድን ኢልሜናይት እንለዋለን።

እንግዲህ ሁለተኛው ነጥብ፤ አሸዋው ውስጥ ምን አለ?

ይህችን ብልቃጥ አሳልፏት። አጉሊ መነጽሩንም አብራችሁ አሳልፉ። ክዳኑን ብቻ አትክፈቱ። ጥቁር ሆነው የሚያብረቀርቁት ኢልሜናይት ናቸው። ደም የመሰለ ቀይ ቡናማ፣ ብርሃን ትንሽ የሚያሳልፉት ሩታይል ናቸው። መስታወት የመሰሉት ዚርኮን ናቸው። እነዚህ ሁሉ ከድንጋይ ውስጥ ወጥተው፣ በወንዝ ተጉዘው፣ ባሕር ዳር የተጠራቀሙ ናቸው። ተራው አሸዋ ኳርትዝ ነው፣ ቀላል ነው። እነዚህ ከሱ በጣም ይከብዳሉ። ማዕበሉ ቀላሉን ጠርጎ ሲወስድ ከባዱ ይቀራል።

አውስትራሊያ አለ፣ ደቡብ ሕንድ ኬረላ አለ፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ሞዛምቢክ፣ ማዳጋስካር፣ ሴራሊዮን አለ። የቅርባችን ደግሞ ኬንያ ነው። ከሞምባሳ በስተደቡብ ክዋሌ የሚባል አካባቢ፣ ከባሕሩ ትንሽ ገባ ብሎ፣ የድሮ አሸዋ ክምር ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ እስከ 2024 መጨረሻ ድረስ ተቆፍሮ ኢልሜናይት፣ ሩታይልና ዚርኮን በመርከብ ሲጫን ቆየ። አሁን ቁፋሮው አብቅቷል። እስቲ አስቡት። ከአሥር ዓመት በላይ አሸዋው እንደ አሸዋ ተጭኖ ሄደ። ጎረቤታችን ነው፣ ልምዱ የኛም ነው።

የሚለዩበት መንገድ ደስ ይላል። መጀመሪያ በውሃ፤ ጠመዝማዛ ቦይ ላይ ሲለቀቅ ከባዱ ወደ ውስጥ፣ ቀላሉ ወደ ውጭ ይሄዳል። ከዚያ በማግኔት፤ ኢልሜናይት ይሳባል፣ ሩታይልና ዚርኮን አይሳቡም። ከዚያ በከፍተኛ ቮልቴጅ፤ በዚያ ቮልቴጅ ሩታይል በመጠኑ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ዚርኮን አያስተላልፍም፣ ስለዚህ ይለያያሉ። ምንም ኬሚካል የለም። ውሃ፣ ማግኔትና ኤሌክትሪክ ብቻ።

ከዚያ በኋላ ያለው ነው የሚያሳዝነኝ። በዓለም ላይ ከሚወጣው የቲታኒየም ማዕድን ዘጠና በመቶ ገደማው የሚሄደው ለነጭ ቀለም ነው። ለግድግዳ፣ ለወረቀት፣ ለፕላስቲክ፣ ለጥርስ ሳሙና። ቀለሙ ነጭ እንዲሆን ባዕድ ነገር በሙሉ መውጣት አለበት። ስለዚህ ወይ በሰልፈሪክ አሲድ ይሟሟል፣ ወይ ከከሰል ጋር 1000 ዲግሪ አካባቢ በክሎሪን ጋዝ ይጠበሳል። ብዙ ኃይል ይበላል፣ ብዙ ዝቃጭ ይተዋል። እኛ ተመራማሪዎች ደግሞ ያንን የጸዳ ነጭ ዱቄት በዶላር እንገዛለን። ገዝተን ምን እናደርጋለን? ኒዮቢየም እንጨምርበታለን! ምክንያቱም ንጹህ ቲታኒየም ኦክሳይድ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ኒዮቢየም የቲታኒየምን ቦታ ሲይዝ አንድ ትርፍ ኤሌክትሮን ይዞ ይመጣል። ያ ኤሌክትሮን ነው የሚሠራልን።

አሁን ልብ በሉ። ተፈጥሯዊ ሩታይል 95 በመቶ ገደማው ቲታኒየም ኦክሳይድ ነው። በቀረው ውስጥ ብረት፣ ዚርኮኒየም፣ ቫናዲየም፣ ክሮሚየም፣ ሲሊከን አለ። ብዙ ጊዜ ኒዮቢየምም አለ፣ በአብዛኛው ከ1 በመቶ በታች። ለኛ ሥራ ግን ትንሽ አይደለም። ለማውጣት ይከፈላል፤ መልሶ ለማስገባት ይከፈላል። ለምን? ለነጭ ቀለም የተሠራውን መንገድ ሳንመረምር ስለተከተልን ነው። እኔ የምለው ይኸው ነው። ለቴርሞኤሌክትሪክ ነጭ ዱቄት አያስፈልገንም። ሴራሚኩ መጨረሻ ላይ ጥቁር ነው የሚሆነው!

ሦስተኛው ነጥብ፣ አሠራሩ።

መጀመሪያ አሸዋውን መርምሩ። በኤክስሬይ ፍሎረሰንስ ምን ምን እንዳለበት እወቁ። የጨረር መለኪያም ያዙ። ከባድ አሸዋ ውስጥ ሞናዛይት የሚባል ማዕድን ይኖራል፣ እሱ ደግሞ ጨረር የሚያወጣ ቶሪየም ይይዛል። ሳትለኩ አትፍጩ። ይህን ደግሜ እላለሁ፤ ሳትለኩ አትፍጩ። ስትፈጩም ማስክ አድርጉ።

ከዚያ መፍጨት ነው። በአልኮል አርጥባችሁ፣ ዚርኮኒያ ከሚባል ጠንካራ ሴራሚክ በተሠራ ኳስ። በብረት ኳስ ከፈጫችሁት ብረት ትጨምሩበታላችሁ፣ ብረት ደግሞ ጠላታችን ነው። ኒዮቢየም የሰጠንን ኤሌክትሮን ብረት ይወስደዋል። ለዚህ ነው ከመፍጨታችሁ በፊት ጠንካራ ማግኔት ደጋግማችሁ ማሳለፍ ያለባችሁ። ስድስት ኪሎ አካባቢም ሆነ መርካቶ ከአሮጌ ሃርድ ዲስክ የወጣ ማግኔት ታገኛላችሁ፣ ይበቃል።

ዱቄቱን ከትንሽ ማጣበቂያ ጋር ቀላቅላችሁ በፕሬስ ትጫኑታላችሁ። ክብ ጠፍጣፋ ፔሌት ይወጣል። ቀለሙ ቡናማ ነው። መልቲሜትር ብታስነኩት ምንም አያነብም።

ቀጥሎ እቶን። 1300 ወይም 1400 ዲግሪ ድረስ፣ ኦክሲጅን በሌለበት። ቤተ ሙከራ ውስጥ አርገን ጋዝ ከ5 በመቶ ሃይድሮጅን ጋር ይለቀቃል። እሱ ከሌለ ደግሞ ፔሌቱን ክዳን ባለው የአሉሚና ማሰሮ ውስጥ አድርጎ ማሰሮውን በካርበን ዱቄት መቅበር ይቻላል። ካርበኑ ኦክሲጅኑን ይበላዋል። መስኮቱ ክፍት ይሁን፣ የጭስ መምጠጫውም ይሥራ፤ የሚወጣው ካርበን ሞኖክሳይድ ሰው ይገድላል። ካርበኑን ከፔሌቱ ጋር በቀጥታ አታነካኩት። ሙቀቱንም አታብዙት፣ ያለዚያ ቲታኒየም ካርባይድ መሆን ይጀምራል።

እቶን ውስጥ የሚሆነውን ልንገራችሁ። ቲታኒየም ኦክሳይድ ጥቂት ኦክሲጅን ያጣል። ክሪስታሉ ክፍተቱን ዝም ብሎ አይተወውም፤ ንጣፍ ንጣፍ ሆኖ ይሸራተትና እንደገና ይደራጃል። እነዚህን ውሁዶች በስዊድናዊው ኬሚስት በአርነ ማግኔሊ ስም ማግኔሊ ፌዝ እንላቸዋለን። ንጣፎቹ ለኛ ሁለት ነገር ያደርጋሉ። ኤሌክትሮን ያሳልፋሉ። በክሪስታሉ ውስጥ ሙቀት ተሸክሞ የሚሄደውን ንዝረት ግን ያደናቅፋሉ።

ፔሌቱ ሲወጣ ጠቁሯል፣ ብርሃን ላይ ሲያዙት ወደ ሰማያዊ ይላል። አነስ ብሏል። ጠረጴዛ ላይ ሲጥሉት ድምፁ ጥርት ያለ ነው። ይኸው፣ ይህቺ ናት። መልቲሜትሩን አሁን ላስነካት። አያችሁ? ጥቂት ኦም። ቅድም ምንም ያላነበበው ነገር! አሁን አንዱን ጎን በጋለ ካውያ ልንካው። ቀዩን ሽቦ ሞቃቱ ጎን ላይ፣ ጥቁሩን ቀዝቃዛው ላይ። ሚሊቮልት ላይ አድርጌዋለሁ። ከፊት ያላችሁ ቁጥሩን ጮክ ብላችሁ አንብቡልኝ። ፖዘቲቭ ነው። ሞቃቱ ጎን ፖዘቲቭ ከሆነ ኤሌክትሮኖቹ ወደ ቀዝቃዛው ሸሽተዋል ማለት ነው። ኤን ዓይነት ነው፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን የሚሸከሙት ኤሌክትሮኖች ናቸው፣ እንደጠበቅነው። ይህን ሙከራ ለመሥራት የሚያስፈልገው ካውያና መልቲሜትር ነው። ሁለቱም የሞባይል ጠጋኝ ጠረጴዛ ላይ አሉ።

አሁን ችግሮቹን ሳልደብቅ ልናገር።

ብቃቱ ዝቅተኛ ነው። በዚህ ሙያ ዜድቲ የሚባል የብቃት መለኪያ አለ፤ ከፍ ባለ ቁጥር ቁሱ የተሻለ ነው። ቢስሙዝ ቴሉራይድ 1 አካባቢ ነው። የቲታኒየም ኦክሳይዶች በአብዛኛው ከ0.5 በታች ናቸው። ገበያ ላይ ያለው ሞጁል ራሱ ከሚቀበለው ሙቀት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው 5 በመቶ ገደማ ነው፣ የኛ ከዚያ ያንሳል። ስለዚህ የከተማ መብራት በዚህ አይበራም። የሴንሰር ባትሪ፣ የምድጃ ማራገቢያ፣ አንድ አምፖል፣ አንድ ስልክ፤ መጠኑ ይኼ ነው። ሙቀቱ ግን በነጻ የሚባክን ነው፣ አሸዋውም ርካሽ ነው። ርካሽ መሆን አለበት ያልኳችሁን ያዙልኝ ብዬ ነበር።

ሌላው፣ አየር ውስጥ ሲግል ኦክሲጅኑን መልሶ ይወስዳል። ከ400 ወይም 500 ዲግሪ በላይ አየር ካገኘው ቀስ በቀስ ወደ ቀድሞ ቀለሙ ይመለሳል፣ ኤሌክትሪክ ማስተላለፉም ይቀራል። መሸፈን አለበት። በምን? ይህ ራሱን የቻለ የዶክትሬት ሥራ ነው፣ ሙቀት የሚችል የሸክላ ቅብ የምታውቁ ልጆች እዚህ ካላችሁ ላናግራችሁ እፈልጋለሁ። ደግሞ ጥንድ ያስፈልገዋል። ሞጁል ሁለት ዓይነት እግር ይፈልጋል፣ ኤንና የእሱ ተቃራኒ የሆነው ፒ። የተለመደው የኦክሳይድ ፒ እግር ካልሲየም ኮባልት ኦክሳይድ ነው፤ ኮባልት ደግሞ ውድ ነው። ከአሸዋ የሚወጣ ጥሩ ፒ እግር የሚያገኝ ሰው ትልቅ ነገር ሠራ ማለት ነው።

ስለ አገራችን ሳልናገር አልወርድም። እኛ የባሕር ዳርቻ የለንም። ግን ቲታኒየም የለንም ማለት አይደለም። ምዕራብ ወለጋ፣ ግምቢ አጠገብ ቢቂላል ያለው የብረት ማዕድን ኢልሜናይት አለበት። ጉጂ ቀንጢቻ ከታንታለም ጋር ኒዮቢየም አለ። አሸዋ ስላልሆኑ አሠራሩ ይለያል፣ ቢቂላል ላይ በተለይ ብረቱን መለየት ከባድ ነው። ጂኦሎጂ የምታጠኑ ልጆች፣ እኛ የሴራሚክ ሰዎች ያለ እናንተ አንድ እርምጃ አንሄድም። ናሙና ስትሰበስቡ ግማሽ ኪሎ ለኛም ያዙልን። የትኛው ወንዝ፣ የትኛው መታጠፊያ፣ ምን ያህል ጥልቀት እንደሆነ ጻፉበት። ያልተጻፈበት አሸዋ አይጠቅመንም።

መምህራን፣ እናንተን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ተማሪ ከአገር ውስጥ ማዕድን ልጀምር ሲላችሁ «ንጽህናው አይታወቅም» ብላችሁ አትመልሱት። ይመርምረው፣ ይወቀው፣ ከንጹሁ ጋር ጎን ለጎን ያወዳድረው። ውጤቱ ዝቅ ቢል እንኳ የትኛው ባዕድ ነገር እንደጎዳው ያውቃል። ያ ራሱ ውጤት ነው።

ብልቃጧ የት ደረሰች? እሺ፣ ትቀጥል። ፔሌቷንም አሳልፏት፣ አሁን ቀዝቅዛለች። ከስብሰባው በኋላ ካውያውና መልቲሜትሩ እዚህ ይቆያሉ፣ ራሳችሁ መሞከር የምትፈልጉ ኑ። ስለታገሣችሁኝ አመሰግናለሁ። አሁን ጥያቄ እሰማለሁ፤ ከኋላ ቆማ የነበረችው እህታችን ቅድም እጇን አንስታ ነበር፣ ከሷ እንጀምር።